መኪናችን ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ ይውጣ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ቤት ሲሠራ ከሁሉ መጨረሻ የሚታሰብ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ሳሎኑ ስፋት፣ ስለ ወጥ ቤቱ መስኮት፣ ስለ ጣራው ቀለም ወራት ይመካከራል። መኪናው ወደ ግቢ የሚገባበትን፣ የሚዞርበትን፣ የሚቆምበትንና ተመልሶ የሚወጣበትን ቦታ ግን ከተረፈው መሬት ላይ ይመድባል። ግድግዳው ከቆመ፣ አጥሩም ከታጠረ በኋላ የተረፈው መሬት ለመኪናው ልክ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው።

የምናገረው በአንድ ሐሳብ ይጠቃለላል። የግቢ መኪና መንገድ መታቀድ ያለበት ከመውጫው ተነሥቶ ነው። መኪናው ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ የሚወጣበት ዘዴ አስቀድሞ ይታሰብ፤ ማቆሚያው ይከተል፤ ቤቱም ከሁለቱ ጋር አብሮ ይሳል። ይህን የምለው ለሦስት ዓይነት ሰዎች ነው። እዚህ በስዊዘርላንድ በኡስተር ከተማ ወይም በአካባቢዋ ቤት ለገዛ ወይም ለመግዛት ለሚያስብ፤ ተከራይ ሆኖ ከጎረቤት ጋር አንድ መግቢያ ለሚጋራ፤ በስዊዘርላንድ እየሠራ አገር ቤት ግቢ ለሚያስገነባ። በመካከላችን ሦስተኛው ወገን ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ምክንያቱ ልናገር። መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ሹፌሩ የሚያየው በመስተዋትና በስፖኪዮ ነው። ከመኪናው በስተኋላ ዝቅ ያለውን ቦታ በቀጥታ አያየውም። አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን እዚያ ቢቆም ቁመቱ ከኋላው መስተዋት በታች ይቀራል። የዛሬ መኪኖች ካሜራ አላቸው፤ ይሁንና ካሜራው በጭቃ ወይም በበረዶ ይሸፈናል፤ ከጎን እየሮጠ የሚመጣውንም ሁልጊዜ በጊዜው አያሳይም። በቤታችን በር ላይ የሚጫወተው ደግሞ የራሳችን ወይም የጎረቤታችን ልጅ ነው። እንግዲህ ስለ ግቢ መንገድ የምናወራው ሁሉ መጀመሪያ ስለ ልጆች ነው።

የስዊዘርላንድ ሕግም ከዚሁ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ወደ መንገድ የሚገባ፣ መኪናውን የሚያዞር ወይም ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው ለሌሎች ተጠቃሚዎች ቅድሚያ እንዲሰጥና እንዳያደናቅፋቸው ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የትራፊክ ደንብ አንቀጽ 17 ደግሞ ሹፌሩ ከመነሣቱ በፊት ልጆችንና ሌሎች ሰዎችን አደጋ ላይ እንደማይጥል እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ወደ ኋላ ማየት የሚከብድበት ተሽከርካሪ ከሆነና አደጋ አለመኖሩ እርግጥ ካልሆነ የሚረዳ ሰው ማቆም አለበት። ወደ ኋላ ረጅም መንገድ መሄድ የሚፈቀደውም ወደ ፊት መቀጠል ወይም መዞር ሲያቅት ብቻ ነው። አገር ቤት ዘበኛው ወይም ልጁ ከኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ በቃ!» የሚልበት ልማድ ጥሩ ልማድ ነው። ጥሩ ግቢ ግን በየማለዳው ሰው ከኋላ ማቆም የማያስፈልገው ግቢ ነው።

አሁን ወደምንኖርበት ከተማ ልምጣ። ኡስተር በዙሪክ ካንቶን ከዙሪክና ከቪንተርቱር ቀጥላ ሦስተኛዋ ትልቅ ከተማ ናት። ከተማዋን ያሳደጓት በአባህ ወንዝ ዳር የተተከሉት የጥጥ ፋብሪካዎችና እ.ኤ.አ. በ1856 የገባው ባቡር ናቸው። እነዚያን ፋብሪካዎች ተከትለው የተሠሩት የሠራተኞች ቤቶችና ከዚያም የቀደሙት የገበሬ ቤቶች መኪና በሌለበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። በራቸው ከመንገዱ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ በቤትና በቤት መካከል ያለው ክፍተትም ለጋሪ እንጂ ለአራት ሜትር ተኩል መኪና አልተለካም። እንዲህ ያለ ቤት የገዛ ሰው የሚያጋጥመው ፈተና ግልጽ ነው። የፊት አትክልቱን ነቅሎ አስፋልት ቢያለብስ ማቆሚያ ያገኛል፤ ግን በየቀኑ በእግረኛ መንገድ ላይ ወደ ኋላ ይወጣል። ኡስተር እ.ኤ.አ. በ2001 የስዊዘርላንድ የቅርስ ጥበቃ ማኅበር የሚሰጠውን የቫከር ሽልማት ያገኘች ከተማ ናት። የቤቶቿ የፊት ገጽታ የመኪና መደርደሪያ ብቻ እንዲሆን የማትፈልግበት ምክንያት አላት።

የዙሪክ ካንቶን የፕላንና የሕንፃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው የነዋሪዎቹና የእንግዶቹ መኪኖች ከሕዝብ መንገድ ውጭ የሚቆሙበትን ቦታ በራሱ መሬት ወይም በአቅራቢያው ማዘጋጀት ይኖርበታል። ቁጥሩን የየከተማው የሕንፃ ደንብ ይወስናል። የአገሪቱ የመንገድ ባለሙያዎች መመዘኛ እንደ መነሻ የሚሰጠው ለአንድ መኖሪያ ቤት አንድ ማቆሚያ ወይም ለ100 ካሬ ሜትር የወለል ስፋት አንድ ማቆሚያ ነው፤ ለእንግዶች ደግሞ 10 በመቶ ይጨመራል። ለእንግዳ ያልሆነው ማቆሚያ፣ ሁኔታው ከፈቀደና ወጪው የሚቻል ከሆነ፣ ከመሬት በታች ወይም ከጣራ በታች እንዲሆን ሕጉ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን የምንከራያቸው አፓርታማዎች ሥር ጋራዥ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

በጄኔቫ አካሄዱ በዝርዝሩ ቢለይም መንፈሱ ይቀራረባል። እዚያ በግል መሬት ላይ የሚሠሩ ማቆሚያዎችን የሚገዛ ራሱን የቻለ ደንብ አለ፤ ቁጥሩም አካባቢው በአውቶቡስ፣ በትራምና በባቡር ምን ያህል እንደሚገለገል እየታየ ይለያያል። ለብስክሌት የሚሆን ቦታም አብሮ ይጠየቃል። ስለዚህ ከዙሪክ ወደ ጄኔቫ የሚዛወር ሰው ያወቀውን ቁጥር ይዞ አይሂድ፤ መሬቱ ያለበትን የአካባቢ አስተዳደር (ጌማይንደ ወይም ኮሚዩን) የሕንፃ ክፍል አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከሕጉ ወደ መለኪያው እንለፍ። የተለመደ የቤት መኪና 1.80 ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ርዝመቱ ከ4.20 እስከ 4.80 ሜትር ይደርሳል። እንደ ላንድክሩዘር ያለው ትልቅ መኪና ወደ 2 ሜትር ስፋትና ወደ 5 ሜትር ርዝመት ይጠጋል። ለአንድ መኪና ማቆሚያ 2.50 በ5 ሜትር ብለን የምንይዘው ለዚህ ነው። ከጎኑ ግድግዳ ካለ በር የሚከፈትበት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይጨመርበት። ሽማግሌ ወላጅ፣ የሕፃን ጋሪ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ያለበት ቤት 3.50 ሜትር ቢይዝ ዕድሜ ልኩን ያመሰግናል።

ሰው የሚረሳው ከማቆሚያው ፊት ያለውን ቦታ ነው። መኪና በቀጥታ 90 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ማቆሚያው እንዲገባና እንዲወጣ ከፊቱ 6 ሜትር ገደማ ነፃ ቦታ ይፈልጋል። እንግዲህ 5 ሜትር ማቆሚያና 6 ሜትር መዞሪያ ሲደመር 11 ሜትር ጥልቀት ይሆናል። ይህን 11 ሜትር ከወዲሁ ያላሰበ ሰው ቤቱን 8 ሜትር ላይ ያቆመዋል፤ ከዚያ በኋላ 3 ሜትሩን ከየትም አያመጣውም። ቦታ ካነሰ የሚረዳ አንድ እውነት አለ፤ ማቆሚያው በሰፋ ቁጥር ከፊቱ የሚያስፈልገው መዞሪያ ይቀንሳል። መኪናን 40 ወይም 45 ዲግሪ አዘንብሎ ማቆምም ከፊት ያለውን ፍላጎት በብዙ ይቀንሳል።

መኪናን በአንድ ዙር ክብ ማዞር ከ10.50 እስከ 12 ሜትር የሚሰፋ ሜዳ ይፈልጋል። ይህ ቦታ ያለው ግቢ ጥቂት ነው፤ አስፈላጊም አይደለም። የሚበጀው በላቲን ፊደል «ቲ» ቅርጽ የሚሠራው መዞሪያ ነው። መግቢያው 3 ሜትር ስፋት ይኑረው። ከመግቢያው ጎን 3 ሜትር የሚሰፋና ከ5 እስከ 6 ሜትር የሚረዝም አንድ ክንድ ይውጣለት። ክንዱ ከመግቢያው የሚገናኝበት ማዕዘን ሹል አይሁን፤ ከ3 እስከ 4 ሜትር በሚሆን ክብ ይቆረጥ፤ የኋላ ጎማ ማዕዘኑን ወደ ውስጥ ቆርጦ ስለሚያልፍ ሹል ማዕዘን አትክልቱን ወይም ግድግዳውን ያስበላል። ሹፌሩ ወደ ፊት ገብቶ ክንዱን ያልፋል፤ ወደ ኋላ ወደ ክንዱ ይገባል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ ይወጣል። ወደ ኋላ የሄደው በራሱ ግቢ ውስጥ፣ በጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ይህ ክንድ መኪና ማቆሚያ እንዳይሆን ግን ሁላችንም እንጠንቀቅ። እንግዳ አንድ ቀን ቆሞበት፣ ሌላ ቀን ዕቃ ተከምሮበት፣ በዓመቱ መዞሪያው ይጠፋል። የእንግዳውን ቦታ ለብቻው እናስብ።

ጋራዥ ያለው ሰው ደግሞ በጋራዡ በርና በእግረኛ መንገዱ መካከል ቢያንስ 5.50 ሜትር ይተው። በሩ እስኪከፈት የሚጠብቅ መኪና ግማሽ አካሉ እግረኛ መንገድ ላይ ከቀረ ተማሪዎች ወደ አስፋልቱ ወርደው ያልፋሉ። መግቢያው ረጅም ከሆነና ቤቱ ከመንገድ ርቆ ከገባ የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት 3.50 ሜትር ስፋት አስፈላጊ መሆኑን መሐንዲሱን አስታውሱ።

ቀጥሎ የዕይታ ጉዳይ ነው። የሹፌሩ ዓይን ከመኪናው አፍንጫ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ አጥሩ እስከ ጫፍ ድረስ ከፍ ብሎ ከመጣ ሹፌሩ ማየት ሲጀምር የመኪናው አፍንጫ እግረኛ መንገዱን ዘግቶታል። የስዊዘርላንድ መመዘኛ ሹፌሩ ከመንገዱ ጠርዝ ከ2.50 እስከ 3 ሜትር ወደ ኋላ ቆሞ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት መንገድ ከ20 እስከ 35 ሜትር፣ በ50 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከ50 እስከ 70 ሜትር ወደ ጎን እንዲያይ ይፈልጋል። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። በ50 የሚመጣ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ሹፌሩ አይቶ፣ ወስኖ፣ ፍሬን እስኪይዝ ብዙ ሜትር አልፏል። በመውጫው ግራና ቀኝ ያለው ተክል ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች ይሁን። የቆሻሻ ገንዳና የፖስታ ሣጥንም ከዚያ ይራቁ። መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ የሚወጣ ግቢ ፊትን ወደ መንገድ አድርጎ መውጣት አብዛኛውን ጊዜ ግዴታ ይሆንበታል፤ ጸጥ ባለ የሰፈር መንገድ ለትንሽ ቤት ወደ ኋላ መውጣት ሊታለፍ ይችላል። ሕግ ባያስገድድም ግን ሕፃናት የሚበዙት በዚያው ጸጥ ባለው ሰፈር ነው።

የኡስተር ክረምት ሌሎች ሦስት ነገሮችን ያመጣል። የመጀመሪያው ቁልቁለት ነው። ወደ ጋራዥ የሚወርድ ራምፕ ከ15 በመቶ በላይ ሲያዘነብል በበረዶ ቀን መኪና አያወጣም፤ ከመንገዱ ጋር የሚገናኝበት የመጨረሻው 5 ሜትር ደግሞ ሜዳ ለማለት የቀረበ ይሁን፤ አለዚያ ሹፌሩ ፊቱ ወደ ሰማይ ሆኖ እግረኛ አያይም። ሁለተኛው በረዶው የሚከመርበት ቦታ ነው። የጠረግነውን በረዶ ወደ ሕዝብ መንገድ መግፋት ተገቢ አይደለም፤ ስለዚህ ከመዞሪያው ውጭ ትንሽ ሣር ይተውለት። ሦስተኛው ውኃ ነው። የግቢያችን ጎርፍ ወደ መንገዱ እንዳይፈስስ በመውጫው ላይ አግድም ቦይ ይሠራ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የውኃ ጥበቃ ሕግ ያልተበከለ ውኃ በተቻለ መጠን ወደ መሬት እንዲሰርግ ያዛል። መኪናው የሚሄድበት ሁለት የጎማ መስመር በድንጋይ፣ መካከሉ በሣር ቢሆን፣ ማቆሚያውም ሣር በሚበቅልበት ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ቢነጠፍ ውኃው ይሰርጋል፤ የበጋውም ሙቀት ይቀንሳል። መሬትን ሁሉ በአስፋልት የማልበስ ፈቃድ በዙሪክ ካንቶን ከቀን ወደ ቀን እየጠበበ ነው፤ ደግሞም መሆን የሚገባው ይኸው ነው።

የመሬት ዋጋ በተወደደበት በዚህ አካባቢ ሁሉም ለብቻው መዞሪያ መሥራት የለበትም። ሁለት ጎረቤቶች በድንበራቸው ላይ አንድ መግቢያና አንድ መዞሪያ ቢጋሩ ሁለቱም መሬት ያተርፋሉ፤ እግረኛ መንገዱም በሁለት ቦታ ፋንታ በአንድ ቦታ ብቻ ይቆረጣል። ይህ ስምምነት ግን በቃል አይቅር። በመሬት መዝገብ የመተላለፊያ መብት ሆኖ ይመዝገብ፤ በረዶ ማን እንደሚጠርግ፣ ጥገናውን ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ የሚጸናው የተጻፈው ነው። ከዚህ አልፎ መኪናውን ራሱን የተዉ አሉ። በዙሪክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የካልክብራይተ የቤት ኅብረት ሥራ ነዋሪዎች የግል መኪና ላለመያዝ ተስማምተው ነው የሚገቡት። እኛም ብንሆን ባቡር አለን፤ ከኡስተር እስከ ዙሪክ ዋና ጣቢያ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ሁለተኛ መኪና የሚገዛ ቤተሰብ ከግዢው በፊት የማቆሚያውን መሬት ዋጋ ቢደምርበት ውሳኔው ሊለወጥ ይችላል።

አሁን ወደ አገር ቤት እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ በሰሚት፣ በአያት፣ በቦሌ ቡልቡላ የሚሠሩ የማኅበር ቤቶች ብዙውን ጊዜ ከ105 እስከ 200 ካሬ መሬት ላይ ያርፋሉ። በ105 ወይም በ140 ካሬ ላይ ሙሉ መዞሪያ እንሥራ ብል እውነቱን አልናገርም፤ ቤቱ ቦታ ያጣል። እዚያ የሚሠራው ዘዴ ሌላ ነው። ሲገቡ ወደ ኋላ፣ ሲወጡ ወደ ፊት። ወደ ቤቱ የሚመለስ ሹፌር በበሩ አልፎ ሲቆም መንገዱን፣ ልጆቹንና እግረኛውን አሁን አይቷቸዋል፤ ወደ ኋላ የሚገባውም ባዶ መሆኑን ወደሚያውቀው የራሱ ግቢ ነው። ጠዋት ሲወጣ ግን ከግድግዳ ጀርባ ወዳላየው መንገድ ነው የሚወጣው፤ ያን ጊዜ ፊቱ ከፊት መሆን አለበት።

ይህ እንዲሆን በሩ ይታሰብበት። የሰፈሩ መንገድ በጠበበ መጠን የግቢው በር መስፋት አለበት። ባለ 6 ሜትር የኮብልስቶን መንገድ ላይ ያለ 3 ሜትር በር ሹፌሩን ሦስትና አራት ጊዜ ያመላልሰዋል፤ 4 ሜትር ቢሆን በአንድ ጊዜ ይገባል። ወደ ውስጥ የሚከፈት ባለ ሁለት ተካፋች በር የግቢውን ሁለት ሜትር ይበላል፤ ተንሸራታች በር ያንን ይመልሳል። መሬቱ ከፈቀደ በሩ ከአጥሩ መስመር ወደ ውስጥ ይግባ፤ ክላክስ ነፍቶ ዘበኛ የሚጠብቅ መኪና ሰፈሩን አይዘጋም። የማይፈቅድ ከሆነ የበሩ ግራና ቀኝ ማዕዘን በሰያፍ ይቆረጥ ወይም ላይኛው ግማሽ በፍርግርግ ብረት ይሁን፤ ሹፌሩም እግረኛውም ይተያያሉ። ከ300 ካሬ በላይ ያለው ሰው ግን ምክንያት የለውም፤ የ«ቲ» መዞሪያውን ይሥራ።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እየበዛ ነው። እዚህም የስዊዘርላንድ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ለሕንፃዎች የመኪና መሙያ ዝግጅት መመሪያ አውጥቷል። ግቢው ከመነጠፉ በፊት ከቆጣሪው እስከ ማቆሚያው ባዶ ቱቦ መቅበር እጅግ ርካሽ ነው። ከተነጠፈ በኋላ ግን ንጣፉን መስበር ነው። ዛሬ መኪና ባይኖራችሁም ቱቦውን ቅበሩ።

በስልክና በቪዲዮ ቤት የምታሠሩ ወገኖቼ ይህን ሁሉ ከዚህ ሆናችሁ መቆጣጠር ትችላላችሁ። ከአርክቴክታችሁ አንድ ለመቶ የተሳለ የግቢ ፕላን ጠይቁ። በዚያ ስዕል አንድ ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ነው። ከወፍራም ወረቀት 2 በ5 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ መኪና ቁረጡ፤ በስዕሉ ላይ አስገቡት፣ አዙሩት፣ አቁሙት፣ አውጡት። የበሩን ተካፋች፣ የውኃ ታንከሩን፣ የደረጃውን ጫፍ ስዕሉ ላይ እንዳለ አስቡ። ከዚያ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ወንድማችሁ ወይም ፎርማኑ በመሬቱ ላይ በኖራ መስመር አስምሮ እውነተኛ መኪና ይንዳበት። ጎማው መስመሩን ካለፈ መስመሩን ማረም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን የዕድሜ ልክ ጸጸት ይሆናል።

ወገኖቼ፤ ደክመን ያገኘነውን ገንዘብ የምናፈስሰው ቤተሰባችን በሰላም ወጥቶ በሰላም እንዲገባ ነው። ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ፕላን በእጁ ያለው ሰው ዛሬ ማታ አውጥቶ መውጫውን ይመልከት። ሊገዛ ያሰበ ሰው ከሳሎኑ በፊት ግቢውን ይለካ። መግቢያ የሚጋራ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተነጋግሮ ስምምነቱን ይጻፍ። ለመለወጥ የማይቻል ግቢ ያለው ሰው ደግሞ ከነገ ጀምሮ ወደ ኋላ ገብቶ ወደ ፊት መውጣትን ልማድ ያድርግ፤ ይህ አንድ ሳንቲምም አያስወጣም። የግቢያችን ስፋት ይለያያል፤ የልጆቻችን ሕይወት ግን በሁሉም ግቢ እኩል ዋጋ አለው።